ወፍን በላባው፦ ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ደብረ ሊባኖስ ገደል

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ከቢሮዎ ጠረጴዛ አጠገብ ወይም ከትምህርት ቤትዎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው ከሆነ፥ እባክዎ ለአንድ ደቂቃ ዓይንዎን ከወረቀቱ ላይ ያንሡና በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመልከቱ። አዲስ አበባ ከሆኑ፥ ከፊት ለፊቱ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሥር ርግቦች ተደርድረው ማየትዎ አይቀርም። «ርግብ አይቼ አውቃለሁ፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይሉ ይሆናል። እስቲ ከመካከላቸው አንዷን ይምረጡና ማጅራቷን ይመልከቱ። መላ ሰውነቷ ግራጫ ሆኖ፥ ነጭ የአንገት ልብስ ጣል ያደረገች ይመስል ከማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ከታየ፥ ያቺ ርግብ ሰው ያረባት የቤት ርግብ አይደለችም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ምድር በቀር በየትም አገር የማትገኝ፥ ከገደል ወጥታ ከተማ የገባች የዱር ርግብ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ በራስዎ ላይ ስትበር ኖራለች!

እውነቱን ለመናገር፥ አብዛኞቻችን የከተማ ሰዎች ክንፍ ያለውን ፍጥረት ሁሉ ከሁለት ከፍለን፥ ትንሹን «ወፍ»፥ ትልቁን «አሞራ» ብለን እንገላገላለን። ባላገሩ ግን እንዲህ አያደርግም። ያን መላጣ ራስ፥ ረጅም እግር ያለውንና ከአንገቱ ላይ እንደ ውሃ መያዣ ኮዳ ያለ ከረጢት የሚያንጠለጥለውን ትልቅ ወፍ «አባ ኮዳ» ብሎ የሰየመው ሰው፥ መጽሐፍ ሳያገላብጥ አንዲት ምልክት መርጦ ወፉን ከሌሎች ሁሉ ለይቶታል። አባ ኮዳን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፥ በዓሣ ገበያው አጠገብ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ ከሌላ ጋር አያምታታውም። ግንድ እየቆረቆረ ትል የሚያወጣውን ደግሞ በሥራው «ግንደ ቆርቁር» ብሎታል። ወፍን ማወቅ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አንዱን ከጎረቤቱ የሚለየውን ምልክት ፈልጎ ማግኘትና ያንኑ አለመርሳት። በአገራችን ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ስላሉ ሥራው በዕድሜ ልክ አያልቅም። ለመጀመር ግን አንድ እሑድ ይበቃል።

ስለዚህ አንድ እሑድ አብረን እንውጣ። መንገዳችን የጎጃም መንገድ ነው። በእንጦጦ ጋራ ተሻግረን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋቱን እናሳልፋለን፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሊባኖስ እናመራለን። ገዳሙ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፥ በጠዋት የተነሣ ሰው ማታ ከቤቱ ሊገባ ይችላል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣትዎ በፊት አስቀድመው ይጠይቁ። ለዕቃ ብዙ አይጨነቁ፤ ትንሽ ደብተር፥ እርሳስ፥ ዳቦና ውሃ ከያዙ ይበቃል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የሚያውስዎ ወዳጅ ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ በባዶ ዓይን የሚለዩ ናቸው።

ሚኒባሱ አቀበቱን ሲወጣ እኛ ስለ ዘዴው እንነጋገር። ወፍ ሲያዩ ራስዎን አራት ነገር ይጠይቁ። 1ኛ፥ መጠኗ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ የሚያውቁትን ወፍ መለኪያ ያድርጉ፤ ድንቢጥን ታህላለች ወይስ ርግብን ወይስ ቁራን? 2ኛ፥ ቅርጿ እንዴት ነው? መንቁሯ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የጎበጠ፥ ጅራቷ ረጅም ነው ወይስ አጭር? 3ኛ፥ ቀለሙ የት ላይ ነው? «ጥቁርና ነጭ ወፍ አየሁ» ያለ ሰው ምንም አልተናገረም፤ «ነጩ ከማጅራቷ ላይ ነበር» ያለ ሰው ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል። 4ኛ፥ የት ሆና ምን ታደርግ ነበር? አንድ ነገር ደግሞ ይጠንቀቁ። ፀሐይ ከወፏ ኋላ ሆና ከተመለከቷት የዓለም ወፍ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ።

ከተማውን ገና ሳንለቅ የመጀመሪያው ወፍ በድምፁ ይጠራናል። ወፍ ሲንጫጫ የተነሣ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ፥ «ሃ! ሃ! ሃ!» እያሉ እንደሚሣሣቁ ሰዎች እየጮኹ በጣሪያ ላይ የሚያልፉትን ትልልቅ ወፎች ያውቃቸዋል። እነዚህ ጋጋኖዎች ናቸው። ከመስክ ላይ ሲለቅሙ ሲያዩአቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ ረጅም መንቁር ያላቸው፥ ጥቁር ቡናማ፥ ደብዘዝ ያሉ ወፎች ይመስላሉ። ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ግን ዓይናቸው ነጣ ያለ ነው፤ ከመንቁራቸውም ሥር ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥላለች። ሲነሡ ደግሞ ከክንፋቸው ላይ ሰፊ ነጭ ምልክት ይገለጣል። ይህን ነገር ያስታውሱልኝ፤ ተቀምጦ ደብዛዛ የነበረው ሲነሣ ምልክቱን አሳየ።

የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አልፈን ቁልቁል ስንመለከት፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። ክረምቱ ሲወጣ፥ በመስከረምና በጥቅምት፥ ሜዳው በውሃ የራሰ አረንጓዴ ሣር ነው፤ በየመካከሉም አደይ አበባ ይፈካል። ከመንገዱ ወረድ ብለው ከጅረቱ ዳር ይቁሙ። ከከብቶቹ መካከል ሁለት፥ ሦስት እየሆኑ የሚግጡ ዝይዎች ያያሉ። እዚህ ሁለት ዓይነት ዝይ አለና አይቸኩሉ። ረዘም ያለ እግር ኖሮት፥ ከዓይኑ ዙሪያ ቡናማ፥ ከደረቱም ላይ ቡናማ ነጥብ ያለው፥ በአፍሪካ ብዙ አገር የሚገኘው የግብፅ ዝይ ነው። ሁለተኛው አጠር፥ ደንደን ያለ፥ መላው ግራጫማ ቡናማ፥ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ ከጀርባው ላይ አስደግፎ የሚሄድ፥ ብርድ የያዘው ሽማግሌ የሚመስል ነው። ይህ ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር በቀር በዓለም ላይ አይገኝም።

እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናገር። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለሽርሽር መጥተን፥ ከዚህ ሜዳ ኩሬ ዳር ምሳችንን ስንበላ፥ አራት እንደዚህ ያሉ ዝይዎች ከድንጋይ ውርወራ በማይርቅ ቦታ ይግጡ ነበር። ባልደረባዬ፥ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ዐዋቂ ለመምሰል ቀና ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ አየሁና፥ «ተራ ዝይ ነው፤ ምን ይደረግለታል!» ብዬ ወደ ምሳዬ ተመለስሁ። በኋላ አንድ የወፍ መጽሐፍ ስገልጥ ያንኑ ዝይ በሥዕል አገኘሁት። ሥዕሉ ላይ ግን ክንፉን ዘርግቷል፤ የክንፉም ላይኛ ክፍል እንደ ጠዋት ሰማይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበር። እኔ ሰማያዊውን አላየሁም፤ ዝይው እስኪነሣ አልታገሥሁምና። በሚቀጥለው ዓመት ባልደረባዬን ይዤ ስመለስ ኩሬው ተደፍኖ፥ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ፥ አሸዋና ድንጋይ ተከምሮበት አገኘሁት። ባልደረባዬ አልወቀሰኝም። እኔ ግን ያን ቀን፥ ሳያውቁት የቀረ ነገር ሲጠፋ እንኳ እንደማይታወቅ ተማርሁ።

ዛሬም ሱሉልታ ላይ ውሃ ያዘለው መስክ በቤትና በአጥር እየጠበበ ነው። ሆኖም ዝይው አልጠፋም። እርስዎ እንደ እኔ አይሁኑ፤ ከጅረቱ ዳር ተቀምጠው ይጠብቁት። ሰነፍ በራሪ ነውና አንድ ሰዓት ሊያስጠብቅዎ ይችላል። እረኛው ከብቶቹን ሲነዳ ወይም ውሻ ሲጮኽ ግን ብድግ ይላል፤ ያን ጊዜ ያ ብርዳም ሽማግሌ ሰማያዊ ካባውን ሲዘረጋ ያዩታል። ነገሩ ለዓይን ከሦስት ሴኮንድ አይበልጥም። የወፍ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፥ ለተቀመጠ ወፍ ደብዛዛ ላባ መሸሸጊያ ነው፤ ሲነሣ የሚበራው የክንፍ ምልክት ደግሞ ለባልንጀሮቹ «ተነሡ፥ ተከተሉኝ» እንደማለት ነው።

ይህን ሲጠብቁ ሣሩን ይመልከቱ። ቡናማና ዝንጉርጉር ጀርባ ያላት፥ ከድንቢጥ ከፍ የምትል ወፍ ከእግርዎ ፊት ትሮጣለች። ጀርባዋን ስትሰጥዎ ደረቅ ሣር ናት። ዞር ስትል ግን ጉሮሮዋ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፥ ከሥሩ ጥቁር ማተብ ታስሮበታል። እርሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ምልክቱን የያዘችው ከፊት እንጂ ከኋላ አይደለምና፥ ጀርባዋን ብቻ አይቶ የሄደ ሰው አላያትም።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ወቅት ነው። ከረጅሙ ሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚያንጫጫ፥ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነ ጥቁር ትንሽ ወፍ በመስከረም ቢያዩ፥ ምልክቱ ከሩቅ ስለሚጮኽ ለመለየት አይቸገሩም። በየካቲት ተመልሰው ቢፈልጉት ግን የሠርግ ልብሱን አውልቆ፥ እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ ያገኙታል። የቀረለት የትከሻውና የወገቡ ቢጫ ብቻ ነው። ወጣትና አሮጌ፥ ወንድና ሴት፥ ክረምትና በጋ በላባ ይለያያሉና፥ በደብተርዎ ላይ ቀኑን ሳይጽፉ አይለፉ።

አሁን ወደ ሰሜን እንቀጥል። ከመስኮቱ ውጭ ከስልክ እንጨቱና ከአጥሩ ላይ የሚቀመጡትን ቁራዎች እንቁጠራቸው። «ቁራ ምን ይለያል፥ ሁሉም ጥቁር ነው» እንዳይሉኝ፤ በዚህ መንገድ ላይ ብቻ አራት ዓይነት ቁራ አለ። ደረቱ ነጭ ሆኖ ነጩ እስከ ማጅራቱ የሚዞረው፥ በየከተማው ቆሻሻ የሚለቅመው ነው። ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ሆኖ ቀጭን መንቁር ያለው፥ የሜዳው ቁራ ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ጅራቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ሲበር ጅራቱን የቆረጡት ይመስላል። እርሱ ገደል ይወዳል። አራተኛው የሁሉም አለቃ ነው። መንቁሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራም ሆኖ ጫፉ ነጣ ይላል፤ ደረቱ ጥቁር ነው፤ ከራሱ ኋላ ብቻ ነጭ ምልክት አለው። ይህ የአፍሪካ ቀንድ ከፍተኛ ምድር ቁራ፥ በዓለም ላይ ካሉት የቁራ ወገኖች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያውና አራተኛው ሁለቱም «ጥቁርና ነጭ» ናቸው፤ የሚለያቸው ነጩ ያለበት ቦታ ነው። በቁራ ነገር ከቆየን የቁራ መልእክተኛ ሆነን ልንቀር ነውና ወደ ገዳሙ እንውረድ።

ደብረ ሊባኖስን በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት መሆኑን ከትምህርት ቤት ያውቃሉ። ወደ ገዳሙ ከመውረድዎ በፊት ከዋናው መንገድ አጠገብ ካለው የገደል አፋፍ ይቁሙ። ምድሩ ከእግርዎ ሥር በድንገት ተቆርጦ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከአፋፉም ላይ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። ከዚያ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ብዙ ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ያሠሩት ግን ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ስም ሁልጊዜ እውነቱን አይነግርም፤ ለድልድይም ለወፍም።

ከአፋፉ ሆነው ሰማዩን ሲመለከቱ ትልልቅ አሞራዎች ሲዞሩ ያያሉ። ከእነርሱ መካከል ክንፉ ረጅምና ሾል ያለ፥ ጅራቱም እንደ ጦር ጫፍ የሆነ አንድ ከመጣ፥ እርሱ ባለ ጢሙ አሞራ ነው። ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም አለው፤ አጥንት ከፍ አድርጎ ወስዶ ከድንጋይ ላይ እየጣለ ይሰብርና ይበላል። ሆዱና አንገቱ እንደ ዝገት ቀላ ያለ ነው። ይህ ቀለም ግን የራሱ አይደለም፤ ብረት ባለበት ጭቃና ውሃ እየታጠበ የሚቀባው ነው። ስለዚህ ነጣ ያለም ቢያዩ ሌላ ወፍ ነው አይበሉ። ቀለም ሲያታልል ቅርጽ አያታልልምና፥ ጅራቱን ይመኑ።

ወደ ገደሉ ግድግዳ ዝቅ ብለው ቢያዩ፥ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ላባና ነጣ ያለ መንቁር ያላቸው ወፎች በጭፍራ ያልፋሉ። ሴቶቹ ራሳቸው ግራጫ ነው። ሲበሩ የሁሉም ክንፍ ቀይ ዳማ ሆኖ ይበራል። ከድንጋዩ ላይ ደግሞ ራሱና ጀርባው ጥቁር፥ ሆዱ ቀይ ዳማ የሆነ ወፍ ይቀመጣል። ሲነሣ ከክንፉ መካከል ነጭ ቁራሽ ይወጣል። በዚያው ገደል እርሱን የሚመስል ዘመድ አለው፤ የዘመዱ ነጭ ግን ከትከሻው ላይ ስለሆነ ተቀምጦም ይታያል።

ከድልድዩ አጠገብ ተቀምጬ ይህንኑ ስጽፍ፥ ከውሃው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ መጣች። ጥቁር ናት። ማጅራቷን አየሁ፥ ጥቁር፤ ደረቷን አየሁ፥ ጥቁር፤ ጅራቷንም እንዲሁ። ከሱሉልታው ነገር የተማርሁ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ደክሞኝ ስለነበር፥ «ጥቁር ወፍ፤ ምልክት የላትም» ብዬ ጽፌ ደብተሬን ልዘጋ ስል፥ ደበሎ የለበሰ አንድ የቆሎ ተማሪ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ጋሼ፥ ስለዚያች ወፍ ነው የሚጽፉት?» አለኝ።

«አዎን። ግን ምልክት የላትም።»

«አላት እንጂ! ተቀምጣ አትታወቅም። ትንሽ ይቆዩና ስትነሣ ይዩዋት።»

ቆየን። እርሱም ከአኮፋዳው ቆሎ አውጥቶ አካፈለኝ። ወፏ ከድንጋዩ ወደ ማዶው ድንጋይ ስትሻገር፥ ከሁለቱ ክንፎቿ ነጭ መስኮት የተከፈተ ያህል ብልጭ አለና ስታርፍ ተዘጋ። ልጁ ሣቀ። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው፥ ውሃ ሊቀዳ በመጣ ቁጥር እንደሚያያት ነገረኝ። በደብተሬ ላይ «ምልክት የላትም» የሚለውን ሰርዤ «ሲበሩ፥ ከክንፍ ላይ ነጭ» ብዬ ጻፍሁ። ያ ስረዛ እስካሁን አለ።

ይህች ወፍ በመጽሐፍ የምትጠራው በአንድ የጀርመን ሰው ስም ነው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ደርሶ፥ ብዙ የእንስሳትና የአእዋፍ ዓይነት ሰብስቦ ተመልሷል። ባለ ነጭ ማጅራቷን ርግብ፥ ጋጋኖን፥ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ፥ ባለ ቢጫ ጉሮሮዋን፥ ወፍራም መንቁሩን ቁራ፥ ባለ ነጭ መንቁሩን፥ ዛሬ ያየናቸውን አብዛኞቹን የአገራችንን ወፎች ለሳይንስ የሰየማቸው እርሱ ነው። ስሞቹን ቢተረጉሟቸው ምልክቶች ናቸው። የዝይው «ሲያኖፕቴራ» ሰማያዊ ክንፍ ማለት ነው፤ የቁራው «ክራሲሮስትሪስ» ወፍራም መንቁር፤ የርግቧ «አልቢቶርኩዌስ» ነጭ የአንገት ጌጥ። አባ ኮዳን የሰየመው ባላገርና የፍራንክፈርቱ ሊቅ የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው መጻፉ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ነገር ይህ ነው። በደብተርዎ ላይ ቀኑን፥ ቦታውንና ምልክቱን ከጻፉ በኋላ፥ አንድ መስመር ይተዉ። በዚያች መስመር ላይ እረኛው፥ ገበሬው ወይም የቆሎ ተማሪው ወፏን ምን ብሎ እንደሚጠራት ጠይቀው ይጻፉ፤ በአማርኛም ቢሆን፥ የዚህ አገር ሰው በሚናገረው በኦሮምኛም ቢሆን። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባላልና፥ እንዳገሯም ስም አላት። አያቶች የሚያውቁት ስም ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋር ይሄዳል፤ ስም የሌለው ወፍ የሚግጥበት ኩሬ ሲደፈን ደግሞ፥ ማን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመመለሻው አውቶቡስ ይመጣል። ሱሉልታን ስናልፍ ይመሽብን ይሆናል፤ ዝይዎቹ ከሣሩ ላይ እንደ ግራጫ ድንጋይ ሆነው ቢታዩዎ፥ ለጎንዎ ለተቀመጠው መንገደኛ ምን መሆናቸውን ይንገሩት። ሰኞ ጠዋትም ከቢሮዎ ወይም ከክፍልዎ ሲገቡ፥ ከመቀመጥዎ በፊት ወደ መስኮቱ ይሂዱ። ርግቧ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ናት። እስክትነሣ ይጠብቋትና ክንፏን ይመልከቱ፤ እርሷም ገና ያላሳየችዎ አንድ ነጭ ምልክት አላት።